የፀጉር አስተካካዩ እንግሊዝኛ

ፀጉር አስተካካዩ ወሬ አልቆበት አያውቅም። የደንበኛው ጭንቅላት እጁ ላይ እስካለ ድረስ የሚያወራው ነገር ሞልቶ ነበር፤ ስለ ኳስ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ አከራይና ተከራይ፣ ስለ ሰው ፀባይ። ወደ እሱ የሚመጣው ሰው ግማሹ ለፀጉሩ፣ ግማሹ ለጨዋታው እንደሚመጣ እሱም አይጠፋውም። የልጅ ልጁ ቤቱ የገባች ዕለት ግን፣ ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሽቅብ ስታየው፣ አፉ ውስጥ አንድም የሚረባ ቃል አጣ።

ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ የፀጉር አስተካካዩ አንድያ ልጅ ነበረች። ነርስነት ልትማር ባሕር ማዶ ሄደች፣ እዚያው ሥራ ያዘች፣ እዚያው ወለደች። የልጅቷ አባት ከመጀመሪያውም ስላልዘለቀ ብቻዋን ስታሳድጋት ቆይታ፣ ድንገት የያዛት ሕመም ብዙም ሳያቆያት ወሰዳት። ልጅቷን ይዛት የመጣችው የእናቷ አክስት ናት፤ የፀጉር አስተካካዩ ሟች ሚስት ታናሽ እህት። እሷም ኑሮዋ እዚያው ማዶ ስለሆነ፣ ልጅቷን ትምህርት ቤት አስገብታ፣ አልጋዋን አዘጋጅታ፣ ፈቃዷ ሲያልቅ መመለስ ነበረባት።

ስትሄድ አንድ ነገር አሳሰበችው። ልጅቷ የእኛን ቋንቋ አትችልም አለችው። እናትየዋ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስትሮጥ ልጅቷ የዋለችው ሕፃናት ማቆያ ነው፤ «ነይ»ንና «ብዪ»ን ትሰማ ይሆናል እንጂ ከዚያ አያልፍም። እዚህ ከልጆች ጋር ስትውል ቶሎ ትለምዳለች፣ እስከዚያ ግን አንተ ትንሽ ትንሽ እንግሊዝኛ ብትሞክር ይሻላል አለችው። እሱም በዚህ ዕድሜዬ ምላሴን ማን ያቃናዋል ብሎ ሳቀ። እሷ ስትሄድ ግን ሳቁም አብሯት ሄደ።

የሚያውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ከሥራው የመጣ ነበር። ሻምፖ፣ ኮንዲሽነር፣ ስፕሬይ፣ ስታይል። ከዚህ ሌላ «ሀው አር ዩ»ን ያውቃል፤ አንዴ ከጠየቁ በኋላ መልሱን መስማት እንደሚመጣ ግን አላሰበበትም። በመጀመሪያው ጠዋት ዳቦና እንቁላል አቅርቦ «ሀው አር ዩ» ሲላት፣ ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ ረዘም ያለ ነገር ነገረችው። አንዲቷንም አልያዛትም። ራሱን ነቀነቀና «ታንኪው» አላት። እሷም ለጥቂት ጊዜ አየችውና «ኦኬ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ለሁሉም ነገር መልሷ «ኦኬ» ሆነ። ብዪ ሲላት ኦኬ፣ እንሂድ ሲላት ኦኬ፣ የጫማሽን ግራና ቀኝ አቀያይረሻል ሲላት ኦኬ፤ ጫማው ግን እንደተቀያየረ ይውላል። ከትምህርት ቤት መልስ ፀጉር ቤቱ ጥግ ያለው ወንበር ላይ እየተቀመጠች ስታመሽ፣ ደንበኞቹ ስሟን ትተው «ኦኬ» ይሏት ጀመር። ኦኬ እንዴት ዋለች ይላሉ ሲገቡ። እሷም እሷን ማለታቸው እንደሆነ ገብቷት ቀና ትላለች።

ፀጉር አስተካካዩ እልኸኛ ሰው ነው። ለመማር ቆረጠ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ አመሻሽ ላይ እራት እየሠራ አንዱን ዕቃ ያነሳና «ዋት?» ይላታል። ማንኪያ ሲያነሳ «ስፑን»፣ ሳህን ሲያነሳ «ፕሌት»፣ ሽንኩርት ሲያነሳ አፍንጫዋን ይዛ «አንየን»። እሱም በተራው የራሱን ቃል ይነግራታል። እሷ ግን ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች እንጂ ድምፅ አውጥታ አትልም። አንድ ቀን ወደ መስኮቱ እየጠቆመ «ዋት?» አላት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችና «ሬይን» አለችው። እሱም ሬይን፣ ሬይን እያለ ቃሉን ያዘው። በማግስቱ ነፋስ ተነስቶ መጋረጃውን ሲያንገላታው፣ ከሱቅ በር ሰሌዳ ላይ የለቀማትን አንዲት ቃል ጨምሮ፣ «ክሎዝ ዘ ሬይን፣ ክሎዝ ዘ ሬይን» እያለ ጠራት።

ልጅቷ መጀመሪያ ግራ ገባት። ቀጥላ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ሳቋ አሸነፋትና ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። እሱ ምን እንዳጠፋ አላወቀም፤ እጁን ይዛ ወደ መስኮቱ ወስዳ፣ መስታወቱን እያንኳኳች «ዊንዶው» እስክትለው፣ ቀጥላም እጆቿን ወደ ሰማይ ሰቅላ ጣቶቿን እያርገፈገፈች ወደ ታች በማውረድ «ሬይን» እስክትለው ድረስ። ባለፈው ስትመልስለት ያየችው ከመስኮቱ ውጪ የሚወርደውን ዝናብ ነበር ለካ። ያን ዕለት እራታቸውን እየሳቁ በሉ። ልጅቷ ከመጣች ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

ጠዋት ጠዋት ግን ሳቅ የለም። ጠዋት የፀጉር ሰዓት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የወንድ ፀጉር ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣ የሴት ልጅ ፀጉር ማበጠርና መጎንጎን አያውቅበትም። የልጁን ፀጉር ትሠራ የነበረችው ሚስቱ ነበረች። ልጅቷን ተሽከርካሪው ወንበር ላይ አስቀምጦ ማበጠሪያውን ሲሰድ ትንጫጫለች። «ኦው» አመመኝ ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ገባው። «ስቶፕ»ም ግልጽ ነው። ሌላዋ ቃል ግን ገረመችው። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየችው፣ «ጀንትል፣ ፕሊስ፣ ጀንትል» ትለዋለች።

ጀንትልማንን የማያውቅ ማን አለ? ከረባት ያሰረ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ለሰው በር የሚከፍት ሰው ነው። ፀጉር አስተካካዩ ደረቱ ተነፋ። ያን ቀን ለገባው ደንበኛ ሁሉ፣ የልጅ ልጁ እያሳመማት እንኳ ጀንትልማን እንደምትለው አወራ። ደንበኞቹም እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ የት ትገኛለች እያሉ አጨበጨቡለት።

ደስታውን ያቋረጠው ቲቸር ነው። ቲቸር በአቅራቢያው ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ረጋ ያለ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ እየሸሸ የሄደ ጎልማሳ ነው። ወሬውን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ ይህን የምትለው ማበጠሪያው ሲይዛት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ ተባለ። እያለቀሰች? እህ፣ ትንሽ። ቲቸር ጉሮሮውን ጠረገና፣ ጋሼ፣ ልጅቷ በቀስታ አድርገው እያለችህ ነው አለው። ፀጉር ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ፀጉር አስተካካዩም አብሮ ሳቀ። ግን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ወዳለችው ሹሩባ ሠሪ ልጅቷን ይዟት ሄደና፣ ከእንግዲህ ይህን ጭንቅላት ከእኔ እጅ አድኝልኝ አላት።

ቲቸር ከዚያ በኋላ ፈተና ሊያርም ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ነገሩ የተበላሸው እሱ በሌለበት ነው።

ፀሐይ ያዘቀዘቀችበት ሰዓት ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ማድቤት ሩዝ ያጥባል፤ ልጅቷ ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ግድግዳው ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ እጁን አደራርቆ እስኪደርስ ዝም አለ። ሚስኮል። ቁጥሩን አያውቀውም፤ ደንበኛ ይሆናል አለ በልቡ። ልጅቷ ጉልበቷን አቅፋ ወደዚያው ወደ ጠረጴዛው በኩል እያየች፣ ለራሷ እንደሚናገር ሰው ቀስ ብላ «አይ ሚስ ማይ ማም» አለች።

ማም ማን እንደሆነች ያውቃል። ሚስንም ያውቃል፤ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስልኩ እጁ ላይ ከበደው። ልጅቷ እናቷ የደወለች መስሏታል። ደውላ፣ የሚያነሳ ጠፍቶ፣ ያመለጠቻት መስሏታል። ምን ያህል ቀን እንደዚህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ጆሮዋን አቁማ ስትጠብቅ ኖራ ይሆን?

አጠገቧ ተቀመጠ። ከየት እንደሚጀምር ጨነቀው። ካሉት ቃላት የሚሆኑትን መረጠና፣ ስልኩን እያሳያት፣ ራሱን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ፣ «ማም፣ ኖ ኮል። ማም... ኖ» አላት።

ልጅቷ አየችው። ዓይኗ ሞላ፤ ግን አልፈሰሰም። «አይ ኖ» አለችው።

አይ። ኖ። በሁለት ቋንቋ እምቢ ያለችው መሰለው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደገና «ማም ኖ» አለ። እሷም ከፊተኛው ጠንከር አድርጋ «አይ ኖ፣ ግራንፓ። አይ ኖ» አለችና ፊቷን ወደ ሶፋው መደገፊያ አዞረች። እሱም ተነስቶ ወደ ሩዙ ተመለሰ። ሩዙን ያጠበው መሆኑን ረስቶ ደግሞ አጠበው።

በማግስቱ አክስትየዋ ዘንድ ደወለ። ሥራ ላይ ነበረች፤ እየተጣደፈች አነጋገረችው። ለልጅቷ እናቷ መሞቷ ተነግሯት እንደሆነ ጠየቃት። በደንብ ተነግሯታል፣ ቀብሩም ላይ እጄን ይዛ ቆማለች አለችው። እሱ ታዲያ ለምን አይሆንም ትለኛለች ሲል፣ አክስትየዋ ትንሽ አሰበችና፣ ልጅን እንደዚህ ያደርገዋል ጋሼ፣ ልቧ አልቀበል ብሎ ይሆናል፣ አትጫናት አለችው። ልጅቷን አቅርብልኝ ብላ አነጋገረቻት፤ ልጅቷም ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ ብላ ስልኩን መለሰችለት።

አትጫናት የተባለውን ምክር አጥብቆ ያዘው። እናቷን የሚያስታውሳትን ነገር ሁሉ ከፊቷ ላንሳላት አለ። ስልኩን ድምፅ አጠፋበት። ፀጉር ቤት ውስጥ ሰው ስለ እናትየዋ ሊያነሳ ሲል በዓይኑ ይቆጣዋል። በመጨረሻም፣ ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የነበረውን የልጁን ፎቶ አወረደው። ነጭ የነርስ ልብስ ለብሳ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ የምትስቅበት ፎቶ ነው። ከፀጉር ቤት ባመጣው ንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠው። ሲያስቀምጠው የራሱም ልብ ተነካ፤ ግን ለልጅቷ የሚበጀው ይህ ነው ብሎ ራሱን አፅናና።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ባዶውን ምስማር አየች። ቆመች። ከዚያ ዞራ እሱን አየችው። እሱ የምድጃውን እሳት የሚያስተካክል መስሎ ጀርባውን ሰጣት።

«ኦኬ» አለች ከኋላው። ማንም ምንም አልጠየቃትም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቃሉ ትምህርት ተቋረጠ። ማንኪያ ቢያነሳ፣ ኩባያ ቢያነሳ፣ «ዋት?» ብሎ ቢለምናት፣ «አይ ዶንት ኖ» ትለዋለች፤ እዚያም ውስጥ ያቺው ኖ አለች። ምግቧን ግማሽ እየተወች ትነሳለች። ጠዋት አልጋዋን ሲያነጥፍ ትራሷን ረጥቦ ያገኘዋል። ሹሩባ ሠሪዋ እንኳ፣ ልጅቷ ድሮ እየተሠራች በራሷ ቋንቋ ስትለፈልፍላት እንደነበርና አሁን እንደ ድንጋይ እንደምትቀመጥ ነገረችው። ምን ሆና ነው ጋሼ፣ የመታት ሰው አለ እንዴ ብላ ጠየቀችው። እሱም የለም አላት፤ ሲወጣ ግን ጥያቄዋ አብሮት ወጣ።

ሚስ የምትለውን ቃል ደንበኞቹን ጠየቀ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ሚስ ማለት ያላገባች ሴት ናት አለ። አንድ ሹፌር ደግሞ የኔ ልጆች አስተማሪያቸውን ሚስ ነው የሚሏት አለ። ተራ የሚጠብቅ አንድ ተማሪ ከስልኩ ፈልጎ አወጣና፣ ሳተ፣ አመለጠው፣ ሳያገኘው ቀረ ይላል ብሎ አነበበለት። ፀጉር አስተካካዩ ይኸው አለ በልቡ። አመለጠችኝ ነው ያለችው። ልክ ነበርኩ።

ቲቸር የተመለሰው በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ ታስሮለት፣ ኦኬስ እንዴት ናት ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ ያን ሰዓት ጎረቤት ሹሩባ ሠሪዋ ዘንድ ነበረች፤ ቤቱም ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን በቲቸር ጭንቅላት በአንዱ ጎን ሽቅብ እየነዳ፣ ልጅቷ የእናቷን መሞት አልቀበልም እንዳለች፣ የስልክ ጥሪ ስትጠብቅ እንደምትውል፣ ሲነግራትም እምቢ እንዳለችው አጫወተው።

«በምን ቃል ነው እምቢ ያለችህ?» አለ ቲቸር።

«በእንግሊዝኛ ነዋ።»

«እሱማ ገብቶኛል። ቃሉን ለብቻው ነጥለህ አትንገረኝ ጋሼ። የት ተቀምጣ፣ ምን እያየች፣ እንዴት አድርጋ እንዳለችው ከሥር ጀምረህ ንገረኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጠፋ። ግራ እየተጋባ ሄዶ የደንበኞች መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና፣ ልጅቷ እንዳደረገችው ጉልበቱን አቀፈ። ድምፁን አሳንሶ «አይ ሚስ ማይ ማም» አለ። ሰው ቢያየው በሳቀ ነበር፤ ቲቸር ግን አልሳቀም። በመስታወቱ ውስጥ ሲያየው ቆየና፣ ስልኩ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ በላይ ምን አለ ብሎ ጠየቀው። የእናቷ ፎቶ ነበር፣ አሁን አንስቼዋለሁ አለው።

«ከዚያ በኋላስ? እምቢ ስትልህ?»

«አይ ኖ አለችኝ። ሁለት ሦስቴ።»

«ተቆጥታ?»

«አልተቆጣችም። ቀስ ብላ ነው። መጨረሻ ላይ ብቻ ጠንከር አደረገችው።»

ቲቸር ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ወንበሩን ወደ እሱ አዞረ። «ጋሼ፣ ልጅቷ እምቢ አላለችህም። አይ የምትለው እኔ ማለቷ ነው። ኖ ያለችውም ሌላ ቃል ነው፤ ለጆሮ ነው የሚመሳሰለው። አውቃለሁ ነው ያለችህ። እናቴ እንደማትደውል አውቃለሁ፣ አያቴ።»

«ሚስ ያለችውስ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ያመለጣት ስልክስ?»

«ስልኩን አላየችውም። ፎቶውን ነው ስታይ የነበረው። እናቴ ናፈቀችኝ ነው ያለችህ።»

ቀጥሎም ቲቸር ረጋ ብሎ አስረዳው። ቃሉ አንድ ቦታ ላይ ሳተ ነው፣ ሌላ ቦታ ላይ አመለጠ፣ ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ናፈቀ። በእኛ ስንናገረው ናፈቀችኝ እንላለን፤ የሄደችው ናት የምትናፍቀን፣ እኛ የሚደርስብን ነን። በእነሱ ግን ናፋቂው ራሱ ነው አድራጊው፤ ልጅቷ እንደ ሥራ አድርጋ ነው የምትለው። ይህን ሲል ቲቸር የክፍሉን ሰሌዳ ያየ ይመስል እጁን አነሳና፣ የሚያዳምጠው ሰው ፊት ላይ ያለውን አይቶ መልሶ አወረደው።

ፀጉር አስተካካዩ የልጁ መርዶ ከመጣ ወዲህ ናፈቀችኝ የምትለዋን ቃል አፉ ውስጥ አስገብቷት አያውቅም። ሰው እንዴት ነህ ሲለው ደህና፣ በርታ ሲለው እሺ፣ እያለ ነው የከረመው። አሁን ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ እሱ ያልደፈረውን አውጥታ ስትነግረው፣ እሱ ደግሞ ስልክ አሳይቶ እንደሰደዳት ታየው።

«ፎቶዋን ደበቅኩባት እኮ» አለ።

ቲቸር አልወቀሰውም፤ ፎቶው ገና አለ አይደል ብቻ አለው። ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና፣ እኔም እንደናፈቀችኝ በእነሱ ቋንቋ እንዴት ልበላት ብሎ ጠየቀ። ቲቸር ነገረው። እሱም እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ደጋግሞ አለው። ልጄ የምትለዋ ቃል ላይ ምላሱ ተሰናከለ፤ ዶክተር ይመጣበታል። በዚህ መሃል የቲቸር ጭንቅላት አንዱ ጎን ተቆርጦ ሌላው እንደነበረ መሆኑን ሁለቱም አስታወሱ። ቲቸር ተወው ልጅቷ ዘንድ ሂድ ቢለው፣ በዚህ ሁኔታ ከቤቴ ወጥተህ ሰው ቢያይህ ሥራ ልፍታ ነው ወይ ብሎ አስቀመጠው። ቆርጦ ጨረሰው፤ አንድም ቃል ሳያወራ ፀጉር የቆረጠበት ቀን ያ ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ልጅቷን ከሹሩባ ሠሪዋ ተቀብሎ ቤት ሲገቡ ገና ብርሃን ነበር። ወንበር አቅርቦ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ጥቅል አወረደና፣ ልጅቷን ነይ ብሎ ጠራት። ፎጣውን ገለጠው። ልጅቷ የእናቷን ፊት ስታይ እጇን ዘረጋች፤ ግን አልነካችውም፤ ይፈቀድልኝ ይሆን እንደማለት እሱን አየችው። እሱ ፎቶውን አስያዛት፣ ብብቷ ሥር ይዞ ወንበሩ ላይ አቆማትና ምስማሩን አሳያት። እሷ ሰቀለችው። ወደ ግራ ዘመመ፤ አቀናችው።

«አይ ሚስ» ብሎ ጀመረ ፀጉር አስተካካዩ። ቆም አለና ጉልበቱን ሰብስቦ፣ «አይ ሚስ ማይ ዶክተር» አለ።

ልጅቷ ቅንድቧን ሰበሰበች። ዶክተር አልነበረችም፣ ነርስ ነበረች ብላ በራሷ ቋንቋ አረመችው፤ ነርስ የምትለዋን ቃል ብቻ ለይቶ ሰማና ምን እንዳጠፋ ገባው። ደረቱን ነካ፣ ወደ ፎቶው ጠቆመ፣ ከዚያ መዳፉን ወደ ወለሉ አስጠግቶ የትንሽ ልጅ ቁመት አሳያት። «ማይ ቤቢ» አላት።

ልጅቷ መዳፉ የቆመበትን ቁመት አየች፤ ፎቶውን አየች። እናቷ የሰው ልጅ እንደነበረች፣ እሷም አንድ ጊዜ እዚህ ወለል ላይ እንደሮጠች ያን ጊዜ ገና የታያት ይመስል ነበር።

«ዶተር» አለችው ቀስ ብላ። «ዩር ዶተር።»

«አይ ሚስ ማይ ዶተር» አለ።

«ዩ ሚስ ኸር ቱ?»

የመጨረሻዋን ቃል አላወቃትም። ግን ከዓይኗና ከአጠያየቋ ሌላ ምንም ልትሆን አትችልም። «የስ» አላት። ባዶውን ፎጣ አሳይቶም «ሶሪ» አላት።

ልጅቷ ኦኬ አላለችም። ከወንበሩ ላይ እንደቆመች አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና፣ ከመጣች ጀምሮ ትራስ ላይ ስታፍነው የኖረችውን ልቅሶ ጮክ ብላ አለቀሰችው። እሱም አይዞሽ አላላትም፤ እሱም ያለቅስ ነበር። ሲደክማቸው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። አፍንጫዋን በዚያው ፎጣ ጠረገላት። ትንሽ ቆይታ በጣቷ ከንፈሩን ነካችና «ዋት?» አለችው፤ እናንተ ምን ትሉታላችሁ ማለቷ ነው።

«ናፈቀችኝ።»

«ናፈከችኝ» አለች። ቀ አስቸግራታለች፤ እሱ ግን አላረማትም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አልተቃናም። ልጅቷ ድንገት እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ የምታለቅስበት ቀን ነበር፤ እሱም የደንበኛ አንገት እየላጨ ሐሳቡ የሚሄድበት። ሆኖም አሁን አንዱ ሲከፋው ለሌላው ይናገራል፤ ካወቁት ቃል በአንዱ፣ ካጡም በእጅ። ልጅቷ ትምህርት ቤት አብራት የምትቀመጥ ጓደኛ አገኘች፤ የእኛን ቃል እየለቃቀመች ታመጣና እዚህም እዚያም ትሰካዋለች፤ ወንዱን በሴት፣ ሴቱን በወንድ። ቲቸር ፀጉሩን ሊስተካከል ሲመጣ፣ ፀጉር አስተካካዩ በየጊዜው አንድ አረፍተ ነገር ያዘጋጅለታል፤ ሁሌም ምን ሲሆን እንደተባለ፣ ማን የት ቆሞ እንደነበር አብሮ ይነግረዋል። ደንበኞቹ ወረፋው ረዘመብን እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ግን አንዱም ተነስቶ አልሄደም።

ትምህርት ቤት ለዕረፍት የተዘጋ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ገና ሰው ሳይገባበት፣ ልጅቷ ተሽከርካሪው ወንበር ላይ እየተሽከረከረች ስለ እናቷ ንገረኝ አለችው። በእኛ ቋንቋ ነው የጠየቀችው። እሱም ማበጠሪያዎቹን እያጠበ፣ እናቷ እሷን ስታክል እዚሁ ቤት ገብታ፣ እሱ ጀርባውን ሲሰጣት ትልቁን መቀስ አንስታ፣ የግንባሯን ፀጉር ከሥሩ ሸልታ እንደጣለችው ነገራት። አንዱ ጎን ረጅም፣ አንዱ ጎን ምንም። ቃላት ሲያጥሯት በግንባሩ ላይ በጣቱ እየቆረጠ አሳያት።

ልጅቷ ወንበሩን በእግሯ አቆመችው። «አባባ፣ ተቆጣሽ?» አለችው።

«ትንሽ ተቆጣሁ» አላት። «ከዚያ አስቀመጥኳትና የቀረውን አስተካከልኩላት።»